ያ ሁሉ ፓውንድ ማን ጋ ገባ?

ነሐሴ 26 ቀን 2017፣ ሰኞ ማታ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ከቀትር ጀምሮ የያዘው ዝናብ አላባራም። የእንግሊዝ የዝውውር መስኮት፣ ማለትም ክለቦች ተጫዋች የሚገዙበትና የሚሸጡበት ጊዜ፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል። መብራት ቀደመው፤ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሄደ። ኳስ የምናይበት ቤት ጀነሬተር አለው። ባለቤቱ ግን ለጨዋታ እንጂ ለወሬ ቤንዚን እንደማያቃጥል ነግሮን በሩን ዘጋ። አልፈርድበትም። ቤቴ ገብቼ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስልኬ ላይ ተተከልኩ። ባትሪው 34 በመቶ ነበር።

የኳስ ሰዎች የምንሰባሰብበት አንድ የውይይት መድረክ አለ። እኔ እዚያ አንባቢ ነኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ የጻፍኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሰድቤያለሁ። ያን ማታ የተከፈተው ክር፣ አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩት መልሶች፣ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የቀረውን በማግስቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ጨረስኩት። እንዴት እንደሄደ ላውጋችሁ።

ክሩን የከፈተው ልጅ ኮዬ ፈጬ ነው የሚኖረው። የኒውካስል ደጋፊ ነኝ ይላል። በሰፈራችን የኒውካስል ደጋፊ ሳገኝ ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ አንደኛው የክለቡ አጥቂ አሌክሳንደር ኢሳቅ ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ይመስለኛል። ልጁ ተናድዷል። ክረምቱን ሙሉ በኢሳቅ ወሬ ሲታመስ ከርሟል። አጥቂው ልምምድ አልሰራም አለ፣ ቃል የተገባልኝ ፈርሷል ብሎ ኢንስታግራም ላይ ጻፈ፣ በመጨረሻ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ሊቨርፑል። በእንግሊዝ ታሪክ እስከዚያ ቀን ከዚህ በላይ የተከፈለበት ተጫዋች አልነበረም። ልጁ ይሄን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ ጥያቄውን ጣለ። ይሄ ብር ማን ጋ ነው የሚገባው? ተጫዋቹ ጋ? ክለቡ ጋ? ወኪሉ ጋ? መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ እንደ ጨዋታ አድርጎ፣ በልጅነቱ ኳስ ያስያዘው ሰውዬስ ምን አገኘ ብሎ ጨመረ። ሌሊቱን የበላው ይቺ የመጨረሻዋ መስመር ነች።

መልስ ሰጪዎቹን በመልሳቸው ቁጥር ልጥራቸው። ቁጥር 2 የጻፈው የታወቀውን ነው። የዝውውር ጋዜጠኛው ፋብሪዚዮ ሮማኖ ዝውውር ሲያልቅ የሚላትን ሂር ዊ ጎ፣ ከሦስት የእሳት ምልክት ጋር። ስለ ጥያቄው ምንም አላለም። ከክሩ ሁሉ ብዙ ሰው የወደደለት ግን እሱ ነው።

ቁጥር 3 ወደ ብር መነዘረው። ከ20 ቢሊዮን ብር በላይ ይሆናል አለ። ቁጥር 4 መጥቶ በየትኛው ምንዛሪ እንዳሰላው ጠየቀ፤ በባንክ ነው ወይስ በጥቁር ገበያ? ቁጥር 5 ደግሞ ሊቨርፑል ጥቁር ገበያ ሄዶ ፓውንድ እንደማይገዛ አስታወሳቸው። ቁጥር 6 በዚህ ብር ስንት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም እንደሚገነባ ማስላት ጀምሮ አሸዋው ላይ ሲደርስ ተወው።

ቁጥር 7 የመጀመሪያው ጨዋ መልስ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ዓረፍተ ነገሮቹ እንደ ደረሰኝ ናቸው። የዝውውር ዋጋ የሚባለው ለተጫዋቹ አይደርስም ብሎ ጀመረ። ገዢው ክለብ ለሻጩ ክለብ ነው የሚከፍለው፤ ተጫዋቹ ደሞዙንና የፊርማውን ያገኛል። ብሩም በአንድ ቀን አይወጣም፤ በዓመታት ተከፋፍሎ ነው የሚከፈለው። ነገሩን ለማስረዳት 20/80 ኮንዶሚኒየምን አነሳ። መጀመሪያ ላይ ቁራጭ ትሰጣለህ፣ ቀሪውን እየኖርክበት ትከፍላለህ።

ቁጥር 8 ይቺን ምሳሌ አልወደዳትም። ሰውዬው ስንት ዓመት ቆጥቦ ዕጣ ያልወጣለት ነው። ሊቨርፑል ከፍሎ በዚያው ምሽት ቁልፉን እንደተቀበለ፣ እሱ ግን እስካሁን ኪራይ ቤት እንዳለ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ስድስት መልስ ስለ ዕጣ ነበር። ልዝለለው።

ቁጥር 15 ወደ ኳሱ መለሰን፤ የቼልሲ ደጋፊ ነው። የቁጥር 7ን ነገር በሌላ በኩል ከፈተው። ክለብ ተጫዋች ሲገዛ ዋጋው በመዝገብ ላይ በውሉ ዓመታት ይካፈላል። ቼልሲ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ኤንዞ ፈርናንዴዝን በ106.8 ሚሊዮን ፓውንድ ወስዶ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ አስፈረመው። ሲካፈል በዓመት 12.5 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። በአምስት ዓመት ቢሆን ከ21 ሚሊዮን ያልፍ ነበር። ብልጠቱ እዚያ ጋ ነው አለ፣ ክለቡን እሱ ራሱ የሚያስተዳድር ይመስል። ቁጥር 16 ወዲያው ደረሰበት። ያ ቀዳዳ መደፈኑን፣ መጀመሪያ የአውሮፓው እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋ ቀጥሎም በዚያው ዓመት መጨረሻ ፕሪሚየር ሊጉ ሒሳቡን ከአምስት ዓመት በላይ መዘርጋት እንደከለከሉ ነገረው። አያይዞም ሕጉን የጣሰ ምን እንደሚያገኘው ኤቨርተንን ጠይቅ አለው። በጊዜው ሕግ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር ክልክል ነበር። ኤቨርተን አልፎ ተገኘና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 አሥር ነጥብ ተቀነሰበት፤ በይግባኝ ወደ ስድስት ወረደለት። ኖቲንግሃም ፎረስት ደግሞ አራት ነጥብ አጣ። ቁጥር 17 የማንቸስተር ሲቲ 115 የገንዘብ ሕግ ጥሰት ክሶችስ የት ደረሱ ብሎ ጮኸ። ይሄ ጥያቄ በማንኛውም ክር ላይ፣ ስለ ቡና ዋጋ በሚወራበት ጭምር፣ አንድ ሰው ሳይጠይቀው አያልፍም።

ቁጥር 18 አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ስልክ ላይ ሲጽፉ አራት ነጥብ የሚያስቀምጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለጥያቄው በቀጥታ አልመለሱም፤ ወደ ኋላ ወሰዱን። እ.ኤ.አ. በ1979 ትሬቨር ፍራንሲስ ወደ ኖቲንግሃም ፎረስት ሲሄድ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ እንግሊዝ አገር ጉድ መባሉን አነሱ። ከዚያ ወደ ቦስማን ገቡ። ቤልጅየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ውሉ አልቆ ክለቡ አልለቅህም ስላለው ከሰሰ። ፍርዱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 ወጣ፤ ውሉ ያለቀበት ተጫዋች በነጻ ይሂድ ተባለ። ሚዛኑ ከክለብ ወደ ተጫዋች የዞረው ያን ቀን ነው አሉ። ኔይማር እ.ኤ.አ. በ2017 በ222 ሚሊዮን ዩሮ ፓሪስ ሲገባ ደግሞ እሳቸው መደነቅ እንዳቆሙ ጻፉ። ቀጥለው ወደ 1954 ዓ.ም. ተሻገሩ። ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው እንዳዩ፣ ያ ቡድን በምን ያህል አበል እንደተጫወተ ቢነገረን እንደምናለቅስ አሉ። ስንት እንደነበር ግን አልነገሩንም።

ቁጥር 19 ጋሼ እርስዎ ይኑሩልን አለ። ቁጥር 20 ደግሞ በትህትና፣ ማለቴ በትህትና ለመምሰል እየሞከረ፣ ጥያቄው ስለ ኢሳቅ ነበር አለ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ወሬ ዞረ። ቀን ከሌት የምንጠጣውን ጭምጭምታ ማለቴ ነው። ቁጥር 22 ጀሞ የሚኖር የቶተንሃም ደጋፊ ነው፤ አሳዘነኝ። በነሐሴ አጋማሽ ኤቤሬቺ ኤዜ ወደ ቶተንሃም እንደሚሄድ አምስት የቴሌግራም ቻናል አለቀ ደቀቀ ብለው ጻፉ። ሰውዬው አመነ። ማልያው ላይ የኤዜን ስም አሳትሞ ለጓደኞቹ ፎቶ ላከ። ከዚያ አርሴናል በመጨረሻው ሰዓት ገብቶ ወሰደው። ኤዜን በ13 ዓመቱ ያባረረው ያው አርሴናል! ሰውዬው ማልያውን አሁን ቤት ሲያጸዳ እንደሚለብሰው ጻፈ። ቁጥር 23 አርሴናል ነው፤ ስሙ ስለታተመ ጀርባውን ብቻ ቀይ ቀለም ቀባው ብሎ መከረው። ጭካኔ ነው፤ ግን ሳቅኩ።

ቁጥር 24 እና 25 የሉም። አስተዳዳሪው አጥፍቷቸዋል። ኢሳቅ የኛ ነው አይደለም የሚለው ጠብ ነበር። ወላጆቹ ከኤርትራ፣ እሱ ስዊድን ተወልዶ ለስዊድን የሚጫወት፤ ይቺን ይዘው ነው የተፋጠጡት። አንዱን ሳይጠፋ አንብቤዋለሁ። ባላነበው ይሻለኝ ነበር። ቁጥር 26 ሁለቱም ልጁን ጎል ሲያገባ ብቻ እንደሚወልዱት ጽፎ ነገሩን ዘጋው።

3 ሰዓት ሊሆን ደቂቃዎች ሲቀሩ ደግሞ የማርክ ጉሂ ወሬ ገባ። ቁጥር 28 የክሪስታል ፓላሱ ተከላካይ ለሊቨርፑል ፈርሟል ብሎ በትልልቅ ፊደል ጻፈ። አልፈረመም። ፓላስ በመጨረሻው ሰዓት ሐሳቡን ቀይሮ አስቀረው። ቁጥር 28 ጽሑፉን አላረመም፤ ዝም አለ። በዚህ ሰበብ የድሮ ታሪኮች ወጡ። ዳቪድ ዴ ሂያ እ.ኤ.አ. በ2015 ሪያል ማድሪድ ሊገባ ወረቀቱ በሰዓቱ ሳይደርስ ቀርቶ ማንቸስተር መቅረቱ። ፒተር ኦዴምዊንጊ እ.ኤ.አ. በ2013 ዝውውሩ ሳያልቅ መኪናውን አስነስቶ የለንደኑ ክለብ ኪውፒአር ሜዳ በር ላይ መቆሙ፣ ማንም እንዳላስገባው። ቁጥር 31 ይሄ ልክ ውል ሳይፈርም የቤት ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ እንደመጣ ተከራይ ነው አለ። ጎረቤቴ ላይ ደርሷል፤ ስለዚህ ምሳሌው ገባኝ። ጋሼ ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚለውን ተረት ጥለው ወጡ፤ ሊተኙ መሰለኝ።

አንድ ሰው ግን ዋናውን ጥያቄ አልረሳም። ቁጥር 32 ነው። ብሩ ከሻጩ ክለብ ሌላ ማን ጋ እንደሚሄድ ልንገራችሁ ብሎ በወኪሎች ላይ ወረደባቸው። ፖል ፖግባ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲመለስ ዋጋው 89 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በዚያ ዝውውር ወኪሉ ሚኖ ራዮላ 49 ሚሊዮን ዩሮ እንደደረሰው ሾልከው በወጡ ሰነዶች ተዘግቧል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2023 የወኪሎችን ድርሻ የሚገድብ ደንብ ቢያወጣም ወኪሎቹ ጀርመን ፍርድ ቤት ሄደው እንዳሳገዱት ጨመረ። ማጠቃለያው ወኪል ማለት ደላላ ነው የሚል ነበር። ከሁለቱም ወገን የሚበላ፣ ላብ የማያውቅ፣ ሰፈሩን ያበላሸ።

እዚህ ጋ ድምፁ ተቀየረ። ቁጥር 33 ደላላ ነው። የምር ደላላ። የካ አባዶ ቤት የሚያከራይና የሚያሻሽጥ። የሰጠው መልስ በክሩ ረጅሙ ሲሆን ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረበትም። በዚህ ክረምት አንድ ባለ አንድ መኝታ ለማሳየት አራተኛ ፎቅ በቀን ሰባት ጊዜ እንደወጣ፣ ባለቤቱና ተከራዩ ስልክ ተለዋውጠው ከጀርባው እንደተስማሙ፣ ያች የሚወሯት ኮሚሽን ቀርታ የባጃጅ ሒሳብ እንኳ እንዳልተሰጠው ዘረዘረ። ከዚያ ራዮላን መከላከል ጀመረ! የሞተን ሰው ስም አታንሱ፤ ልጁን በነጻ ከማንቸስተር አውጥቶ ጁቬንቱስ አስገብቶ ከዚያ መልሶ ለራሱ ለማንቸስተር በ89 ሚሊዮን የሸጠ ሰው ያገኘው ይገባዋል፤ እንዲያውም ሐውልት ይገባዋል ዓይነት ነገር። ቁጥር 34 የሰውዬውን ሙያ ሰደበ። ቁጥር 35 የቁጥር 34ን እናት አነሳ። አስተዳዳሪው መጥቶ ክሩን እንደሚዘጋው አስፈራራ። የኔ ባትሪ 11 በመቶ ደርሶ ስለነበር ማታ ያቆምኩት እዚህ ጋ ነው።

ጠዋት ስከፍተው ክሩ ሌላ ክር ሆኗል።

ቁጥር 37 በሌሊት ገብቶ የመክፈቻዋን የመጨረሻ መስመር ቆንጥሮ አወጣት፤ ያሳደገው ሰውስ የምትለዋን። የፊፋ ደንብ መልስ እንዳለው ጻፈ። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶ ተነስቶ ከ12 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ቁጥር 38 ቸኩሎ ስህተት ነው አለ፤ ያ የሚሠራው ተጫዋቹ ከአገር አገር ሲሸጥ ነው፣ ኒውካስልም ሊቨርፑልም እንግሊዝ ናቸው። ቁጥር 37 አልተናደደም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደንቡ መሻሻሉን፣ ገዢና ሻጭ አንድ አገር ቢሆኑም ያሠለጠነው ክለብ ውጭ ከሆነ ድርሻው እንደሚደርሰው አስረዳው። ቁጥር 38 አመሰገነው። በዚህ መድረክ ሰው ሲታረም ሲያመሰግን በሦስት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ቁጥር 39 ያው የደረሰኙ ሰውዬ ነው፣ ቁጥር 7። ሒሳብ ሲሸተው ነቃ። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላ ዋጋው ሩብ በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ግማሽ በመቶ። ኢሳቅ በስቶክሆልሙ ክለብ ኤአይኬ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አድጎ በ17 ዓመቱ ነው ወደ ዶርትሙንድ የሄደው። አራት ዓመት በሩብ፣ ሁለት ዓመት በግማሽ፤ ሲደመር 2 በመቶ። ከ125 ሚሊዮኑ 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ መሆኑ ነው። በብር ከ400 ሚሊዮን በላይ። ከስምንት ዓመት በፊት ለለቀቁት ልጅ፣ ቁጭ ባሉበት! እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክለቦች በር እንዳያንኳኩ ፊፋ ፓሪስ ላይ የከፈተው ማዕከል የተጫዋቹን የምዝገባ ታሪክ አይቶ ራሱ ያከፋፍላል።

ቁጥር 41 አሠልጣኝ ነው። ከኮዬ ፈጬ ብሎኮች ጀርባ ባለ ሜዳ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ይዟል። ክሩን ከፍቶ ከጠየቀው ልጅ አምስት ደቂቃ የሚርቅ ይመስለኛል። አሥራ ሁለት ዓመት በተለያየ ሰፈር አሠልጥኗል፤ ሜዳው ላይ ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት ኳሱን ይዞ ወደ ውጭ፣ እንደገና ወደ ውጭ። ከልጆቹ አንዱ ዛሬ በእኛው ፕሪሚየር ሊግ ይጫወታል። የትኛው ክለብ እንደሆነ አልጻፈም፤ እኔም አልገምትም። ልጁን ከ12 ዓመቱ እስከ 17 ዓመቱ የያዘው እሱ ነው። ማስረጃው ምንድን ነው? አንድ ደብተር። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ባለ መስመር ደብተር፤ የልጆቹ ስም፣ የታኬታ ቁጥር፣ መቼ መጣ፣ ለምን ቀረ። የልጆቹን ስም በአውራ ጣቱ ሸፍኖ የአንዱን ገጽ ፎቶ ለጥፏል። ለምን ቀረ በሚለው ረድፍ ላይ እናቱ ታማ፣ ቤት ለውጠው፣ ታኬታ የለውም የሚሉ ነበሩ። ጥያቄው አጭር ነው። ይቺ ደብተር ፓሪስ ትሠራለች ወይ?

ሦስት ሰው ነው የወደደለት። እንግዲህ ቁጥር 2ን አስቡት።

ቁጥር 42 ላም አለኝ በሰማይ ብሎ ሳቀበት። ከኮዬ ፈጬ ጭቃ ሊቨርፑል የሚገባ ሲኖር እኔን ጥሩኝ አለ። ቁጥር 43 ባሰ። በሌላው ሕፃን ላብ ፓውንድ የሚያልም አሠልጣኝ ነው አገሪቱን የገደላት ብሎ ዘለፈው፤ የልጆች ዕድሜ የሚቀነሰውም በእንደዚህ ዓይነቱ እንደሆነ ጨመረ። የዕድሜው ነገር በአገራችን እውነተኛ ችግር ነው። በዚህ ሰውዬ ላይ መለጠፉ ግን ነውር ነበር፤ የሰውዬው ደብተር ላይ እኮ የልደት ቀን የሚል ረድፍ እንኳ የለም። ልጽፍ ጀመርኩና ታክሲው መጣ። ሦስተኛ ስድቤ ቀረችልኝ።

ቁጥር 44 ቁጥር 37 ራሱ ነው። መልሱ መራራ ነው፤ ግን ያለ ስድብ ነው የጻፈው። ደብተሯ አትሠራም። ድርሻው ለአሠልጣኝ አይከፈልም፤ ለክለብ ነው። ክለቡ በከተማው ፌዴሬሽን በኩል የተመዘገበ፣ ልጁም በዚያ ክለብ ስም የተመዘገበ መሆን አለበት። ያልተመዘገበ ልጅ በደንቡ ዓይን በዚያ ዓመት ኳስ አልተጫወተም። ልጁ የተመዘገበበት ክለብ ፈርሶ ከሆነ ደግሞ ፌዴሬሽኑ ማስረጃ አቅርቦ ድርሻውን መጠየቅ ይችላል። አሠልጣኙ ጋ አይደርስም ማለት ነው።

ቁጥር 45 ቢመዘገብም ዋጋ የለውም አለ፤ ምክንያቱ ግን የሚያስኬድ ነው። የእኛ ክለቦች በአብዛኛው ለአንድና ለሁለት ዓመት ነው የሚያስፈርሙት። ውሉ ያልቃል፣ ልጁ በነጻ ይሄዳል፤ ማንንም ሳንከስ ቦስማን ሆነናል። የዝውውር ዋጋ ከሌለ የዜሮ 5 በመቶ ዜሮ ነው። ብዙዎቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ስለሚተዳደሩ መሸጥን እንደ ገቢ አያስቡትም። ይልቅ ለፊርማ ይሽቀዳደማሉ። በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የተጫዋች ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ እንደነበረ አስታወሰ። ቁጥር 46 ያ ጣሪያ ላይ ስንት መስኮት እንደነበረ ሁሉም ያውቃል ብሎ አለፈ። ቁጥር 47 አቡበከር ናስርን ጠራ፤ በ2013 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቡና ጋር 29 ጎል አግብቶ ከዓመት በኋላ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የገባውን። የሚሸጥ ልጅ አለን፣ የሌለን ወረቀት ነው አለ። ቁጥር 48 የሌለን ስታዲየም ነው አለ፤ ዋልያዎቹ ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፉት እንኳ ማላዊ ላይ ነው። እዚያ ጋ አራት መልስ ስለ ስታዲየም ሄደ። ጋሼም ከእንቅልፋቸው ተነስተው ገቡበት።

ቁጥር 53 እናት ነች። ቦሌ አራብሳ። ይህን መድረክ የምታነበው በልጇ ስልክ እንደሆነ ተናገረች። 12 ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ አላት፤ ሌሊቱን በዚህ ክር ሳቢያ አልተኛም፣ ትምህርት ቢዘጋም ጸሎት አለበት። ስለ ፓውንድ አልጠየቀችም። በየወሩ ለፕሮጀክት የምትከፍለው ክፍያ ልጁን የት እንደሚያስመዘግበው፣ ይህ ሁሉ ሰው የሚጣላበት ምዝገባ ለእሱ ተደርጎለት ይሁን አይሁን በምን እንደምታውቅ ነበር ጥያቄዋ። አንድም ሰው አልቀለደባትም። ቁጥር 42 እንኳ።

ቁጥር 54፣ ያ ደላላ፣ ከወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የልደት ሰርተፍኬት ለማውጣት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ዘረዘረላት። የጠዋት ሰልፉ ከስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጭምር። ሥራው ነው፤ ያውቀዋል። እህቴ አላት፤ ለማታው ስድብም ይቅርታ ጠየቀ፣ ማንን እንደሆነ ግን አልለየም።

አሠልጣኙ ቁጥር 57 ላይ ተመለሰ። ለቁጥር 43 አልመለሰለትም። ለቁጥር 44 አመሰገነ፤ ደብተሩ ላይ የልደት ቀን የሚል ረድፍ በእርሳስ እንዳሰመረና ከከተማው ፌዴሬሽን ጠይቆ ቡድኑን ለማስመዝገብ ምን እንደሚጠየቅ እዚሁ ክር ላይ እንደሚጽፍ ቃል ገባ። ለእናትየው ደግሞ ቦሌ አራብሳ እሩቅ ስለሆነ እዚያው ቅርቧ ያለው አሠልጣኝ የልጁን ስም ያስመዘገበበትን ወረቀት እንዲያሳያት በትህትና ትጠይቀው አላት። እምቢ ካላት ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ካልዘነበ፣ ልጁን ይዛው ትምጣ። ሰርተፍኬቱን ከነኮፒው። ታኬታ ከሌለው ችግር የለም።

ቁጥር 58 ሊቨርፑል በጥር ተከላካይ ይገዛል የሚል ወሬ ለጠፈ። መስኮቱ ከተዘጋ አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላውም ነበር።